በፈረንሳይ ፍቅር አለ?

ባለፈው ዓመት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ፓሪስ ዳርቻ ከሚኖሩ አንዲት የጎንደር እናት ጋር እንዳስተረጉምላት ጠየቀችኝ። ጥናቷ ስደተኞች ቡና ሲያፈሉ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ዕጣኑ ሲጨስ መስኮት ይከፈትልኝ አላለችም፤ ፈንዲሻውንም ሳትግደረደር በላች። ጥያቄዎቿን ቁጥር ሰጥታ በወረቀት ይዛለች። ከየት መጡ? ጀበናውን ከየት አገኙት? ከማን ጋር ይጠጣሉ? እማማም አንድ ሳያስቀሩ መለሱላት። የሞቱ ባላቸውን ታሪክ ሳይቀር ነገሯት፤ እኔ ራሴ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር።

አቦሉን ቀድተው ስኒውን ወደ ልጅቷ እያስጠጉ፣ «አንቺስ ልጄ፣ እናትሽ አሉ? መቼ ነው ሄደሽ ያየሻቸው?» አሏት።

አስተረጎምኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ወረቀቷን አየች። «እኔ የመጣሁት የእሳቸውን ታሪክ ለመስማት ነው፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ብናልፍ ይሻላል» አለችኝ። ይህንንም አስተረጎምኩ። እማማ «እሺ» አሉ። ቶናው ሲቀዳ መልሳቸው አጠረ። በረካው ላይ ሲደርስ «አዎ» እና «እንግዲህ» ብቻ ቀረ። በባቡር ስንመለስ ተማሪዋ «መጨረሻ ላይ ደከማቸው መሰለኝ» አለችኝ።

ደክሟቸው አልነበረም። ነገሩ ግን ውስጤ ገብቶ ከረመ። ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። አጥኚ ራሱን ወደ ኋላ አድርጎ የሰውን ድምፅ ያስቀድም ይባላል፤ ሐሳቡም በጎ ነው። ግን ሰው ቤት ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ገመናውን ጠይቆ፣ የራስን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መውጣት በእኛ ቤት ትሕትና ሳይሆን ንፍገት ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ስለሚጠየቀው ሰው ግን ምሳሌው ዝም ይላል።

በዚያው ሰሞን ድሮ ያነበብኩት አንድ የጉዞ ማስታወሻ ትዝ አለኝና እንደገና አወጣሁት። የጻፈው ሚሼል ሌሪስ ነው።

ገጣሚው ጎንደር ሲገባ

ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሌሪስ በ1901 ፓሪስ ተወለደ፤ በዚያው አገር በ1990 ሞተ። በመካከሉ ካሉት ዓመታት አብዛኛዎቹን በፓሪሱ የሰው ልጅ ሙዚየም ውስጥ በአንትሮፖሎጂስትነት፣ የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር በማጥናት ሠርቶ ኖረ። ለዚህ ሙያ ግን አልተወለደለትም። በሃያዎቹ ዕድሜው ሕልምን የጥበብ ምንጭ ከሚያደርጉት ከሱሪያሊስቶቹ ጋር የዋለ ገጣሚ ነበር። ሕልሙን እየመዘገበ የሚያድር፣ ከራሱ ጋር የተጣላ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የአእምሮ ትንተና እስከመጀመር የደረሰ ሰው ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርሴል ግሪዮል ከዳካር ተነስቶ አፍሪካን በማቋረጥ ጅቡቲ የሚደርስ የምርምር ተልእኮ ሲያዘጋጅ፣ ሌሪስን ጸሐፊና መዝገብ ያዥ አድርጎ ወሰደው። ጉዞው ከ1931 እስከ 1933 ዘለቀ። የፈረንሳይ ፓርላማ ራሱ ሕግ አውጥቶ ገንዘብ መድቦለታል። አል ብራውን የተባለ ታዋቂ ጥቁር ቦክሰኛም ለተልእኮው መደገፊያ ፓሪስ ውስጥ ተጋጥሟል። አፍሪካን ለማጥናት ጥቁር ሰው ተደባድቦ ገንዘብ መሰብሰቡን ሳስብ ለመሳቅም ለማዘንም ይቸግረኛል።

ቡድኑ በ1932 ክረምት ጎንደር ገብቶ በጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፈረ። ሌሪስ እዚያ ከአንዲት ታዋቂ ባለዛር ከወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት ደረሰ። ከዚያ በኋላ እግሩ ከዚያ ቤት አልጠፋም። አማርኛ አያውቅም። ያስተረጉሙለት የነበሩት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ናቸው፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እሱ በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ። በማስታወሻው ላይ ሌሪስ በአባ ጀሮም ደጋግሞ ይማረራል። ዘገዩ፣ ሐሳባቸው ተበተነ፣ የፈለግኩትን ትተው የፈለጉትን ጻፉ ይላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የማደላው ለአባ ጀሮም ነው። አንዲት ሴት በዛር አንደበት ስትፎክር፣ ከበሮው እየተመታ፣ ጭብጨባው እየደመቀ፣ በቀኝ ጆሮ ፈረንጁ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ቃል በቃል ለመመዝገብ መሞከር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የዛሩን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያሻኝም። ሴትዮዋ ፈረስ፣ ዛሩ ጋላቢ ነው፤ ሲወርድባት አንገቷን እያሽከረከረች ታጓራለች፣ ሲረጋላት በእሱ ስም ትናገራለች። ሌሪስን የገረመው ሌላ ነው። መልካም አያሁ አንድ ዛር ብቻ አልነበራቸውም። አባ ሞራስ ወርቄ የተባለው ዋነኛው ነው፤ ከእሱ ሌላም ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ አንዱ ይቀበላል፣ ጠብ ሲነሳ ሌላው ይቆጣል፣ ገንዘብ ሲቆጠር ደግሞ ሌላው ይገኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1958 ባሳተመው ጥናቱ ይህንኑ አብላልቶ፣ ባለዛሯ እንደ ሁኔታው የምታወጣው የማንነት ቁም ሳጥን አላት አለ። የሚታየው ማስመሰል ብቻ አይደለም፣ እውነት ብቻም አይደለም፤ የሚኖሩት ቲያትር ነው ሲል ደመደመ። በጉዳዩ ላይ ካነበብኳቸው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ጎንደር ያደገ ሰው ያያትን ሴት በዚህ ገለጻ ውስጥ ያገኛታል።

ግን ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ከመልካም አያሁ ቤት፣ ከእሳቸው ቡና፣ ከእሳቸው ትዕግሥት ነው። በእርግጥ በነፃ አልነበረም። ለዛሩ የሚታረደውን ከብት ተልእኮው ይገዛ ነበር፤ ስጦታም ይሰጣል። ሌሪስን ያስከፋውም ይኸው ነው። ወራቱ ሲገፉ ሰዎቹ ለገንዘብ ብለው የቀረቡት እየመሰለው ቅር ይለው ጀመር። ባለዛሮችን ከማጥናት እኔው ዛር ቢይዘኝ እመርጥ ነበር ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ይዞ የሚሄደውን ደብተር ሲሞላ የኖረ እንግዳ የቤቱ ሰዎች ድርሻቸውን ሲያስቡ ለምን እንደሚከፋው አይገባኝም። እከክልኝ ልከክልህ የተባለው ለዚህ ነው።

የእማዋይሽ ጥያቄ

አሁን ወደ ሸነቆረኝ ገጽ ልምጣ።

መልካም አያሁ እማዋይሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሌሪስ እንደወደዳት ማስታወሻው አይደብቅም፤ እሱ የሚደብቀው ነገር ስለሌለ ነው ያ ማስታወሻ እስከ ዛሬ የሚነበበው። ለእማዋይሽ ብዕርና ደብተር ተሰጥቷት ነበር፤ የምታውቀውን ዘፈንና ነገር ለልጇ እየነገረች ታስጽፍ ዘንድ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሪስ ስለዚያ ጽሑፍ ሲያወሩ፣ በተለይ ያን ማታ የሰማናቸውን ዓይነት የፍቅር ዘፈኖች ብታስጽፊ ጥሩ ነበር ይላታል።

እሷም ጠየቀችው። በፈረንሳይ ግጥም አለ?

ቀጠለችና ደግሞ፣ በፈረንሳይ ፍቅር አለ?

ሌሪስ ሁለቱን ጥያቄዎች ጻፋቸው። በዚያ መስመር ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። ጥያቄዋን ብዙ ሰው የዋህነት አድርጎ ያነበዋል፤ አገሯን ያልለቀቀች የጎንደር ሴት ስለ ሩቅ አገር የጠየቀችው አድርጎ። እኔ አይመስለኝም። የቅኔ አገር ልጅ ናት። በእሷ ከተማ ሰው ሲያመሰግንም ሲሰድብም ወርቁን ከሰሙ ሥር ይቀብራል፤ ጠያቂውን በጥያቄ መመለስ የለመደ ሕዝብ ነው። ይህ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የእኛን የፍቅር ዘፈን ለቀማ ከቤት ቤት የሚዞረው የራሱ ስለሌለው ነው ወይ? እኔ የምሰማው ይህን ነው። እንዲያ ሆኖ ሲታይ ጥያቄዋ ምክንያታዊ ነው። እህል ያለው ሰው እህል ሊሸምት አይወጣም።

ከሁሉ የሚገርመው የተጠየቀው ሰው ማንነት ነው። ከተልእኮው አባላት መካከል ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ሰው ቢኖር ሌሪስ ነው። ገጣሚ ነው! የታተመ ግጥም አለው። ፓሪስ ውስጥ ከገጣሚ ጋር በልቶ ከገጣሚ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ፍቅርንም በተመለከተ፣ በሕይወቱ ሁሉ ስለ ራሱ ፍቅርና ፍርሃት በብዙ ቅጽ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አባ ጀሮም አጠገቡ ተቀምጠዋል። አንድ የፈረንሳይኛ ስንኝ ቢላት፣ አባ ጀሮም በአማርኛ ቢያቀኑት፣ እሷ ደግሞ ይህማ ቤት አይመታም ብላ ብትስቅበት፣ ያ ከሰዓት ሌላ ከሰዓት ይሆን ነበር። ለሙያውም ቢሆን ከዚያ የበለጠ ምን ይገኛል? ሁለት ገጣሚዎች ተገናኝተው ነበር። አንዷ እንድታስጽፍ፣ ብዕሩን የያዘው ሌላው እንዲመዘግብ የሚል ውል ግን ቀድሞ ገብቷል፤ ውሉንም ማንም አላፈረሰውም።

ሌሪስ ወደ ጎንደር የገባው ገጣሚ ሆኖ ነው፤ የወጣው አንትሮፖሎጂስት ሆኖ። የተለወጠበትን ሰዓት ቁረጥ ብባል እኔ እዚህ እቆርጠዋለሁ። ያ ሙያ ያኔ የሚፈልገው ሁሉን የሚጠይቅና ምንም የማይጠየቅ ሰው ነበር፤ እሱም በዚያች ከሰዓት እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። ሊከራከረኝ የሚፈልግ ይኖራል። ማስታወሻው እኮ ስለ ሌሪስ የራሱ ሕይወት የተጻፈ ነው፣ ከእሱ በላይ ራሱን የገለጠ አጥኚ የለም ይለኛል። እውነት ነው። ግን የገለጠው ለማን ነው? ለፓሪስ አንባቢ። ልቡን የከፈተው በደብተሩ ላይ ነው እንጂ በመልካም አያሁ መደብ ላይ አልነበረም።

ግድግዳው

የአባ እንጦንስን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ጎንደሬዎች አይምሩኝም። በ17ኛው መቶ ዘመን በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግሪዮልና ሰዎቹ የግድግዳውን ሥዕል ነቅለው፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው በሠራው ቅጂ ተክተው፣ ዋናውን ወደ ፓሪስ ጫኑት። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስለነበር ተጠቅልሎ ለመሄድ ተመቸ። ዛሬ በፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ተልእኮው በአጠቃላይ ከ3500 በላይ ዕቃ ወደ ፈረንሳይ አስገብቷል፤ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ብቻ ከ300 በላይ ናቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ሌሪስ በዚህም ላይ ዝም አላለም። ከጎንደር በፊት በዛሬዋ ማሊ የተቀደሱ ዕቃዎችን እንዴት አስፈራርተው እንደወሰዱ፣ እሱም እጁ እንዳለበት ጽፏል። ማስታወሻው በ1934 ሲታተም ግሪዮል ተቆጣ፣ ወዳጅነታቸውም ሻከረ። በ1941 ደግሞ ከናዚ ጀርመን ጋር ይተባበር የነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደው። በሌላ በኩል ያው ግሪዮል ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገተ ሰው ነው። ሥዕላችንን የነቀለው እጅ ስለ እኛ ጽፏል። ይህን እንዴት አንድ ላይ እንደምይዘው እስካሁን ዘዴው አልመጣልኝም፤ ይዤው ግን እኖራለሁ።

ከ18 ዓመት በኋላ

ሌሪስ በ1950 ፓሪስ ውስጥ በምሁራን ፊት አንድ ንግግር አደረገ። ርእሰ ጉዳዩ አንትሮፖሎጂስትና ቅኝ ግዛት ነበር። እኛ የምናጠናቸው ሰዎች በመንግሥታችን ሥር የወደቁ ናቸው፤ ስለዚህ ንጹሕ ታዛቢ ነኝ ማለት አይቻልም፤ ሥራችን ጠበቃቸው መሆን ነው አለ። ዛሬ ይህ የማንኛውም ተማሪ መግቢያ ነው። ያኔ ግን ቅኝ ግዛቱ ገና ቆሞ ነበር፤ የሚናገረውም በዚሁ ሙያ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። ከዚያም ጨመረ። ከእነዚያ አገሮች የወጡ ሰዎች በሙያው ሠልጥነው የራሳቸውን ማኅበረሰብ ያጥኑ፤ ወደ እኛም መጥተው አኗኗራችንን ያጥኑ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረ፤ በእኛ መንገድ ከሠለጠኑ የሚያዩትም በእኛ መነጽር አይሆንም ወይ ብሎ።

እማዋይሽን በስም አላነሳም። እኔ ግን መልሱን ለእሷ የሰጠ ያህል አድርጌ አነበዋለሁ። በፈረንሳይ ፍቅር አለ ወይ? መጥተሽ እዪ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሆኗል። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ (የሕዝቦች ባህል ጥናት) ማኅበር መሥርተው የየትውልድ አገራቸውን የሠርግ፣ የለቅሶና የእርሻ ልማድ እየጻፉ ያሳትሙ ነበር። አስመራ የተወለዱት አስመሮም ለገሰ ሃርቫርድ ድረስ ሄደው ተምረው የቦረናን ገዳ አጠኑ፤ በ1973 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ስለ ገዳ የሚጽፍ ሁሉ የሚጀምርበት ነው። ቦረና ስምንት ዓመት እየቆጠረ ሥልጣን እንዴት እንደሚያስረክብ፣ የዘመን አቆጣጠሩን አዋቂዎች ኮከብና ጨረቃ አይተው እንዴት እንደሚያሰሉት ለዓለም ያስረዱት እሳቸው ናቸው። ይህን ወደ ጎን የሚለው የለም።

ሁለተኛው ግማሽ ነው የቀረው። እኛ ፈረንጅን አጥንተን የት አለ?

እሑድ ከሰዓት

ያላጠናነው ስለማናውቃቸው አይደለም። እኔ ባለሁበት ሰፈር እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና የሚጠጡ ሴቶች አሉ። አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በሰው ቤት ነው፤ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ቤት ያጸዳሉ። ከእነሱ ሁለቱ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ቤይሩትና ዱባይ ሠርተዋል። አንድም አንትሮፖሎጂስት ያልገባበት መኝታ ቤት ውስጥ ገብተዋል። የማንን አልጋ ማን ለይቶ እንደሚተኛ ያውቃሉ። ለልጅ ያልተነገረውን በሽታ ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ያነባሉ። አንድ አጥኚ በሌሪስ መንገድ ቢሄድ ዓመታት የሚፈጅበትን እነሱ በአንድ ክረምት ይጨርሱታል፤ ማንም የማይደበቃቸው እንደ ሰው ስለማይቆጥራቸው ነው። ይህ ደግሞ መራራ ዕድል ነው።

ከተማሪዋ ጉዳይ በኋላ እኔም ደብተር ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ፈቃድ ጠይቄ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «አሁን ይሄም ሥራ ሆኖ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ከእኔ ብሰው ተገኙ፤ አንዷ የረሳሁትን ታስታውሰኛለች፣ ሌላዋ «ይህን አትጻፍ፣ የማዳም ምሥጢር ነው» ትለኛለች፤ እኔም አልጽፍም። የምጽፈው ሌላውን ነው። ሕፃን ገና አራስ ሳለ ለብቻው ጨለማ ክፍል አስተኝተው በር ስለሚዘጉት ነገር። አያት የልጅ ልጇን ለማየት አስቀድማ ቀጠሮ ስለምትይዝበት ሁኔታ። አይብ ለምን ከምግቡ በኋላ እንደሚበላ፤ ይህ ላይ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ባልና ሚስት ሳይጣሉ የባንክ ደብተር ለየብቻ ስለመያዛቸው።

ባለፈው እሑድ የተነሳው ክርክር ስለ ኀዘን ነበር። አንዷ ፈረንሳዮች ለሞተ ሰው አያለቅሱም አለች፤ ቀብር ላይ ተገኝታ አይታለች፣ ሁሉም ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመው ነበር። ሌላዋ ስምንት ዓመት አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ያገለገለች ናት፤ እሷ ደግሞ ተቆጣች። ያለቅሳሉ፣ ለብቻቸው ነው እንጂ፣ መነጽሩንስ ለምን አደረጉት ብላ ተከራከረች። ሦስተኛዋ ለብቻ የሚለቀስ ለቅሶ ለቅሶ ነው ወይ ስትል ቤቱ ተከፈለ። በመጨረሻ አሮጊቷን የምታገለግለው ሴት፣ እንግዲያው በቀጥታ እጠይቃታለሁ አለች። መቼ፣ እንዴት፣ በምን ቃል እንደምትጠይቃት ተመካከርን፤ የፈረንሳይኛውን አባባል እኔ አስተካከልኩላት። አሮጊቷ መልሳ ስለ አርባና ተዝካር ብትጠይቃት ምን እንደምትላትም አብረን አሰናዳን። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይሻላል ተባለ፤ አሮጊቷ ያን ሰዓት ፊቷ ይፈታል።